ከሉህ እስከ ቴሌግራም፦ ስለ ማስተማሪያ ቴክኖሎጂ ጠይቁኝ

ሰላም ድሬዎች፣ ሐረሮችም። መምህር ነኝ፣ አሁን ደሞ የኦንላይን ኮርስ አዘጋጃለሁ፣ የማስተማሪያ ቴክኖሎጂ ታሪክ ነፍሴ ነው። ኢ-ለርኒንግ (በኮምፒውተር ወይ በስልክ መማር) ከየት መጣ፣ ምን ይለውጣል ምናምን ለምትሉ ጠይቁኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ጥ፦ ኢ-ለርኒንግ ከኮሮና ጋ የመጣ አይደል እንዴ?

መ፦ ኧረ አይደለም አቦ፣ ኮሮና አስፋፋው እንጂ። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1960 ፕላቶ የሚባል በኮምፒውተር የሚያስተምር ሲስተም ጀምሮ ነበር። የርቀት ትምህርት ደሞ ከዛም በጣም ይቀድማል፣ በ1840 አካባቢ እንግሊዝ ውስጥ አይዛክ ፒትማን አጭር ጽሕፈት (ንግግርን በምልክት ፈጥኖ መጻፊያ) በፖስታ ያስተምር ነበር፣ ተማሪው ጽፎ ይልካል፣ እሱ አርሞ ይመልስለታል። ይቺን እርማት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጥ (ከጀጎል)፦ እኛ ጋ ልጆች ቁርአን በሉህ ነው ሲቀሩ የኖሩት፣ እሱም ቴክኖሎጂ ነው?

መ፦ በደንብ ነዋ! የእንጨት ሰሌዳው ላይ በቀለም ይጻፋል፣ ልጁ ይሸመድደዋል፣ ሙአሊሙ (የቁርአን መምህሩ) ፊት በቃሉ ይቀራል፣ ሲይዘው ሉሁ ይታጠብና ቀጣዩ ይጻፋል፣ ካልያዘ አይታጠብም። ዛሬ ኦንላይን ኮርስ ላይ ኩዊዙን ካላለፍክ ቀጣዩ ምዕራፍ አይከፈትም የሚለው ሀሳቡ ይሄው ነው። የኔታ ጋም ፊደሉን ሳትለይ ወደ ንባብ አትሄድም። ጥቁር ሰሌዳ ግን አንድ መምህር ለክፍሉ ሁሉ ባንዴ እንዲያሳይ አረገ፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የገባውም ያልገባውም እኩል ይሄዳል።

ጥ (ከሳቢያን)፦ እኛ በፕላዝማ (ክፍል ውስጥ በተሰቀለው ቲቪ) ነው የተማርነው፣ ብዙ ነገር ሳይገባን አለፈ። ኢ-ለርኒንግ በምን ይሻላል?

መ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ላስረዝም። ፕላዝማው በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው ሃይስኩል የገባው፣ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይለቀቅ ነበር፣ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ስክሪኑ ይወስደው ነበር፣ መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ደቂቃ ብቻ ነበር ያለው። ጥያቄ ይወጣል፣ ደብተርህ ላይ ሁለተኛውን መስመር ሳትጨርስ መልሱ ይመጣል፣ መምህሩ አንድ ቆይ እንኳን ማለት አይችልም ምክንያቱም ስርጭቱ ለሀገር ሁሉ ባንዴ ነው፣ መብራት ከሄደ ያ ትምህርት አመለጠ። ጥቅም አልነበረውም ግን አልልም፣ ላብራቶሪ ያላየ ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ አይቷል። አሁን ቪዲዮውን ታቆማለህ፣ ትደግመዋለህ፣ ይሄ ቀላል አይደለም። ሆኖም ያዙልኝ ያልኳት እርማት እዚጋ ትመጣለች፣ የሰራኸውን አይቶ እዚጋ ሳትክ የሚልህ ሰው ከሌለ ብዙ አልተራመድንም።

ጥ፦ የፈጠራ ሰው ቶማስ ኤዲሰን ፊልም መጽሐፍን ያስቀራል ብሏል የሚባለው እውነት ነው?

መ፦ አዎ፣ በ1913። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ በቅርቡ ይቀራል ብሎ ነበር፣ መጽሐፉ ግን ይኸው አለ።

ጥ፦ ታዲያ መሳሪያው ራሱ ለውጥ አያመጣም ማለት ነው?

መ፦ ሪቻርድ ክላርክ የሚባል ተመራማሪ በ1983 ልክ እንደዛ ብሎ ተከራክሯል፣ ሚዲያ ምግብ እንደሚያመላልስ መኪና ነው፣ ምግቡን ገንቢ የሚያረገው መኪናው አይደለም ብሎ። እኔ ግማሹን እቀበላለሁ፣ መንገድ ላልደረሰበት ሰው መኪናው መድረሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነዋ። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1971 ማስተማር ሲጀምር ቲቪና ሬድዮ ነበረው፣ ግን አሳይመንቱን የሚያርም ቱተርም (አስጠኚ) ለተማሪው መድቦ ነበር።

ጥ፦ እዚሁ ድሬ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ልጆቹ ዳታ የላቸውም። ምን ላርግ?

መ፦ እህቴ፣ ረጅም ቪዲዮ ተይው። በቴሌግራም አጭር ቮይስና የሰሌዳውን ፎቶ ልቀቂ፣ ሶስት ጥያቄ ጨምሪ፣ ደብተር ላይ ሰርተው ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ፣ አንቺ የተሳሳቱበትን መስመር አክብበሽ መልሺላቸው። ስልክ የሌለው ደብተሩን ክፍል ይዞ ይምጣ። ክፍሉ ትልቅ ከሆነ ሁሉንም በየቀኑ ማረም አትችዪም፣ በቡድን ከፍለሽ በየተራ እረሚ።