የታይሮይድ ኪኒንና ቫይታሚን ዲ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ፋርማሲስት ነኝ። ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን ለሚያንሰው ሰው የሚሰጠውን ኪኒን) መዋጥ ከጀመርኩም ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ የተማርኩትንም የደረሰብኝንም ነው የምነግራችሁ። ዶዝ አላዝም፣ እሱ የሐኪማችሁ ሥራ ነው። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቲኤስኤቼ (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ) 9 ወጣ፣ ከፍ ብሏል። አንድ ቀን እንኳ ኪኒን አልዘለልኩም። ዶክተሩ ከ75 ወደ 100 ማይክሮግራም ላሳድግልሽ ይላል። ከሁለት ወር በፊት ቫይታሚን ዲሽ ዝቅ ብሏል ተብዬ ካልሲየም ያለበት ቫይታሚን ዲ ጀምሬያለሁ፣ እንዳልረሳ ጠዋት ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምውጠው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አንድ ላይ መዋጥሽ ነዋ እህቴ። ዲው ምንም አላደረገሽም። አብሮት ያለው ካልሲየም ግን ሌቮታይሮክሲኑን ሆድሽ ውስጥ ይይዘውና ደም ሳይገባ እንዲሁ ይወጣል። ለደም ማነስ የሚሰጠው አይረንና የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕም ያው ናቸው። ቢያንስ 4 ሰዓት አራርቂያቸው። የታይሮይዱን ስትነሺ በባዶ ሆድ በውኃ፣ ካልሲየምና ዲውን ከምሳ ጋር፤ ዲ ቅባት ያለበት ምግብ ሲያገኝ ነው ደህና የሚገባው። ይህንን ለዶክተርሽ አሁኑኑ ንገሪው። ሳያውቅ ዶዙን ቢያሳድግልሽና አንድ ቀን ካልሲየሙን ብታቆሚ፣ መድኃኒቱ በሙሉ ይገባና ልብሽ ድው ድው፣ እጅሽ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ይህን የምለው እኔም ስላልቀረልኝ ነው። ከወለድኩ በኋላ አይረን ታዘዘልኝና ሰኞ፣ ማክሰኞ ተብላ የተከፋፈለች የኪኒን ሳጥን ገዛሁ። ትልቁ ቀዩ ከላይ፣ ትንሿ ነጯ ከሥር፣ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ላይ ዋጥኳቸው። ድካሙ ከአልጋ አላስነሳ ሲለኝ በሕፃኑ አሳብቤ ነበር።

ጥያቄ፦ ቡናስ? ያለ ቡና ዓይኔ አይገለጥም።

መልስ፦ ቡናም ይቀንሰዋል፣ ማክያቶ ደግሞ ወተትም አለበት። አንድ ሰዓት ታገሺ። እኔ ቅዳሜና እሁድ ኪኒኔን ውጬ ነው ቡናውን ማጠብ የምጀምረው፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው እስኪንተከተክ ሰዓቱ ሞልቶ ይጠብቀኛል። ማሽን ያላችሁ ግን ችግር ላይ ናችሁ።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ነው የምኖረው፣ ዲዬ 28 ነው ተባልኩ። ስዊድን ያለው ወንድሜ 45 ነኝ እያለ ይስቅብኛል።

መልስ፦ ሳቁን መልስለት። አሜሪካ የሚለካው በናኖግራም ነው፣ ስዊድን በናኖሞል። ያንተን በ2.5 ስታባዛው 70 ይሆናል። የሱ 45 ደግሞ በአሜሪካው ሲቆጠር 18 ነው፣ ከ20 በታች እጥረት ይባላል። ሁለታችሁም በክረምት የምታገኙት ፀሐይ ዲ ለመሥራት አቅም የለውም፣ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ከነጭ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። ዱባይና ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶችም ውጪው እየነደደ እናንተ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ያው ናችሁ።

ጥያቄ፦ እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ከውጭ 50,000 የሚል ዲ ተልኮላት በቀን አንድ እየዋጠች ነው። የታይሮይዱን ኪኒን ደግሞ ዲው ይበቃኛል ብላ ልታቆም ነው።

መልስ፦ ኧረ በስመ አብ! ዲውን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ የታይሮይዱን እንዳያቆሙ። 50,000 በሐኪም ትእዛዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት የሚወሰድ ነው። ያለ ክትትል አዋቂ ሰው በቀን ከ4,000 ዩኒት ማለፍ የለበትም። ዲ ሲበዛ በሽንት ወጥቶ አያልቅም፣ ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ያደርጋል፤ ውኃ ጥም፣ ማቅለሽለሽ፣ ሆድ ድርቀት ያመጣል፣ ሲብስ ኩላሊት ይጎዳል። ይውሰዷቸውና ካልሲየማቸውና ኩላሊታቸው ይታይ። ዲ የታይሮይድን ሆርሞን አይተካም። ሁለቱም ሲያንሱ ድካምና የጡንቻ ሕመም ስለሚያመጡ ነው ሰው የሚያምታታቸው።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃም አልቀምስም።

መልስ፦ ማታ ስትተኛ ዋጠው፣ ከራት 3 ሰዓት በኋላ። ረመዳን ለሚጾሙም ይሠራል። ጾም ነው ብላችሁ የአኩሪ አተር ወተት የምትጠጡ እሱንም ከኪኒኑ አርቁት። ሰዓት ከቀየራችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ቲኤስኤች ተለኩ፤ ከዚያ በፊት የሚወጣው ቁጥር ያሳስታል።

ጥያቄ፦ እንቅርቴን ኦፕራሲዮን ከሆንኩ አምስት ቀኔ ነው፣ ከንፈሬንና ጣቶቼን ይወርረኛል።

መልስ፦ ማንበብሽን ተዪና ሆስፒታል ሂጂ፣ አሁን! ከታይሮይዱ ጀርባ ያሉት አራት ትናንሽ ዕጢዎች ሲነኩ ካልሲየም ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ለፀጉሬ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን እወስዳለሁ፣ ችግር አለው?

መልስ፦ ለኪኒኑ የለውም፣ ለላብራቶሪው ግን አለው። ውጤቱን ያዛባዋል፣ ቢያንስ 2 ቀን ቀደም ብለሽ አቁሚና ደም ስጪ።

ጥያቄ፦ ጎመን ለታይሮይድ አይሆንም ይላሉ፣ ልተው?

መልስ፦ የበሰለውን? ብዪው።