ግሪን ካርድ ይዤ ልምረጥ ወይስ ይቅርብኝ? የታኮማ ፓርክ ምርጫ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ታኮማ ፓርክ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ግሪን ካርድ ካገኘሁ 3 አመቴ ነው። በቀደም ጎረቤቴ በር አንኳኩታ ለከተማው ካውንስል (ምክር ቤት) ምርጫ ተመዝገቢ ብላ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ኧረ እኔ ሲትዝን አይደለሁም ስላት ችግር የለውም እዚህ ይቻላል አለችኝ። ባለቤቴ ደሞ ማታ ሲመጣ አይቶት ልታስባርሪን ነው እንዴ ብሎ ቀዶ ጣለው። ማን ነው ልክ? (ግራ የገባት)

መልስ፦ እህቴ ጎረቤትሽ ልክ ነች። ባልሽም ግን ዝም ብሎ አልፈራም፣ እንደውም እሱ የፈራው ነገር ስንቱን ሰው ጉድ ሰርቶታል፣ ወረቀቱን ባይቀደው ግን ጥሩ ነበር።

ከጎረቤትሽ ልጀምር። ታኮማ ፓርክ ውስጥ ሲትዝን ያልሆነ ነዋሪ የከተማውን ከንቲባና የካውንስል አባል መምረጥ ከጀመረ 30 አመት አልፎታል። ነገሩ የመጣው ከ1990ው (አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የህዝብ ቆጠራ በኋላ የከተማውን ዋርዶች ማለትም የምርጫ ክልሎች ድንበር እንደገና ሲያሰምሩ ነው፣ ዋርዶቹን በህዝብ ብዛት እኩል ሲያደርጓቸው አንዳንዱ ዋርድ ውስጥ መምረጥ የሚችለው ሰው በጣም ትንሽ ሆኖ ተገኘ ምክንያቱም ብዙው ነዋሪ መጤ ነው፣ ታክስ ይከፍላል ልጅ ያስተምራል ድምፅ ግን የለውም። ያኔ ጄሚ ራስኪን የሚባለው የህግ መምህር (አዎ አሁን ኮንግረስ ያለው እራሱ ነው፣ የከተማው ነዋሪ ነው) እና ሌሎችም ይሄ ትክክል አይደለም ብለው ተነሱ። በ1991 ህዝቡ ተጠየቀ፣ ውጤቱ 1199 ለ 1107። በ92 ድምፅ ማለት ነው፣ ከአንድ ሰርግ አዳራሽ ሰው ያነሰ! በ1992 ካውንስሉ የከተማውን ቻርተር (መተዳደሪያ ህጉን) አሻሽሎ ህግ አደረገው። ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀትሽ አይጠይቁሽም፣ የሚጠይቁት እዛ መኖርሽንና እድሜሽን ነው።

አሁን ወደ ባልሽ ፍርሃት። ሲትዝን ያልሆነ ሰው በፌደራል ምርጫ ማለትም ፕሬዝዳንት፣ ሴኔት፣ ኮንግረስ ላይ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፣ የ1996ቱ ህግ እስከ 1 አመት እስር አለው፣ ከሀገርም ያስወጣል። አላወቅሁም ነበር ብሎ መከራከርም ከባድ ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያየ መዝገብ እንዳለ ይግባሽ። አንደኛው የስቴቱና የካውንቲው ነው፣ እሱ ለሲትዝን ብቻ ነው። ሁለተኛው የከተማው የራሱ መዝገብ ነው፣ እሱን ሲቲ ክለርኳ (የከተማው ፀሐፊ) ናት የምትይዘው፣ አንቺ የምትገቢው እዚህኛው ላይ ብቻ ነው። ፎርሙን ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ከክለርኩ ቢሮ ውሰጂ፣ ከሌላ ከየትም አትውሰጂ።

ሰው የሚሳሳተው የት መሰለሽ፣ ምርጫ ጣቢያ እኮ አይደለም፣ ኤም ቪ ኤ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ) ነው። መንጃ ፈቃድ ልታሳድሺ ትሄጃለሽ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በጥድፊያ ለምርጫ መመዝገብ ትፈልጊያለሽ ትልሻለች፣ አንቺ ደሞ ከተማው ፈቅዶልኛል ብለሽ የስ ትያለሽ፣ በቃ አለቀ። የፈረምሽው ሲትዝን ነኝ ብለሽ ነው። እዛ ሁሌም መልሱ ኖ ነው፣ ይሄን ፍሪጅ ላይ ለጥፊው።

ሲትዝንሺፕ ስታመለክቺ ኤን 400 ፎርም ላይ ለምርጫ ተመዝግበሽ ወይ መርጠሽ ታውቂያለሽ የሚል ጥያቄ አለ። በ2024 የወጣው ፎርም ላይ ሲትዝን ያልሆነ ሰው በህግ በተፈቀደበት የአካባቢ ምርጫ ብቻ ከመረጥሽ "ኖ" ማለት ትችያለሽ ይላል። ግን ፎርም ይቀያየራል፣ ከማስገባትሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አሳዪው፣ ከተማውም የት እንደመዘገበሽ የሚያሳየውን ወረቀት አትጣዪ። ይሄን ሁሉ ሰምተሽ አሁንም ልብሽ ካልቆረጠ መተው መብትሽ ነው፣ ማንም አያስገድድሽም።

ጥያቄ፦ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ከታኮማ ፓርክ በእግር 10 ደቂቃ። እኛስ ከተማችን ለምን አይፈቅድልንም? ሀበሻው እኮ እኛ ጋር ነው የበዛው!

መልስ፦ ወንድሜ አትናደድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አይደለም። እውነቴን ነው፣ ያ ሁሉ ፎቅና ምግብ ቤት እያለ ከንቲባም የለው ካውንስልም የለው፣ በቀጥታ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው የሚተዳደረው፣ ስለዚህ የከተማ ምርጫ የሚባል ነገር የለህም። በአድራሻህ ላይ የተፃፈውንም አትመን፣ ፖስታ ቤቱ የሚፅፈው የከተማ ስምና የከተማው ድንበር ይለያያሉ። ለታኮማ ፓርኳ ክለርክ ደውለህ የቤት ቁጥርህን ንገራት፣ ወዲያው ታይልሃለች።

ጥያቄ፦ እኔ ልጆቼ ጋር በቅርብ የመጣሁ አዛውንት ነኝ። ሀገራችን ምርጫ የሚያስፈፅመው ምርጫ ቦርድ ነው። እዚህ ካውንስሉ እራሱ የራሱን ምርጫ ያዘጋጃል ሲሉኝ ጅብን ሥጋ ጠብቅ ማለት አይሆንም ወይ?

መልስ፦ አባቴ ጥያቄዎ ግሩም ነው። እውነትዎን ነው፣ በኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ምክር ቤት ያስመረጠው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። ታኮማ ፓርክ ላይ ካውንስሉ ደንቡን ያወጣል፣ በጀቱን ያፀድቃል፣ በየ10 አመቱ ቆጠራው ሲወጣ የ6ቱን ዋርዶች ድንበር ያስተካክላል። ድምፅ ግን አይቆጥርም። ስራውን የምትሰራው ሲቲ ክለርኳ ናት፣ እሷ ተቀጣሪ እንጂ ተመራጭ አይደለችም፣ ከጎኗ ደሞ ከነዋሪው የተውጣጣ የከተማው ምርጫ ቦርድ አለ። ቦርዱን የሚሾመው ግን ያው ካውንስሉ ነው፣ እዚህ ላይ ጅቡ ትንሽ ይሸታል አልክድዎትም። የሚያድነው ከተማው ትንሽ መሆኑ ነው፣ 17 ሺ ምናምን ሰው ነው ያለው፣ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል፣ አንድ ነገር ቢጣመም በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ይወራል።

ድሮ ምርጫው በጎዶሎ ቁጥር አመት ብቻውን ነበር የሚደረገው፣ ሰው ደሞ አይወጣም። ከ2020 ጀምሮ ከፕሬዝዳንቱና ከኮንግረሱ ጋር አንድ ሰሞን ሆነ። ጥሩ ነው፣ ግን ለኛ ለመጤዎቹ ሁለት ወረቀት በአንድ ሰሞን መጣ ማለት ነው፣ የከተማው ለብቻ የሌላው ለብቻ፣ እንዳይቀላቀልብዎት።

ጥያቄ፦ ወረቀቱ ላይ 1፣ 2፣ 3 እያልክ ቁጥር ስጥ ይላል። አንድ ሰው ብቻ ብመርጥስ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ድምፅህ አይበላሽም። ይሄ በተርታ ቁጥር መስጠት በፈረንጅ ከ2007 ጀምሮ የሚሰሩበት ነው። እድር ላይ ዳኛ ስትመርጡ አስብ፣ 100 ሰው አለ፣ 40ው አንዱን፣ 35ቱ ሌላውን፣ 25ቱ ሶስተኛውን አለ። እኛ ብንሆን 40 ያገኘውን አጨብጭበን እናስቀምጣለን 60 ሰው ሳይፈልገው። እዚህ ግን ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ መጨረሻ የወጣው ይወድቅና የሱ 25 ሰዎች 2 ቁጥር የሰጡት ማን ነው ተብሎ ይታያል። 20ው ለሁለተኛው ሰው ከሆነ እሱ 55 ገብቶ አሸነፈ። አንተ አንድ ብቻ ፅፈህ ያ ሰው ቀድሞ ከወደቀ ግን በሚቀጥለው ዙር የለህም።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 አመቱ ነው፣ ማሚ እኔም እመርጣለሁ እያለ ያስቀኛል። እየቀለደ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። በፈረንጅ ከ2013 ጀምሮ ታኮማ ፓርክ 16 አመት የሞላውን ያስመርጣል፣ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዋ ከተማ ናት። ሲትዝን ካልሆነ እሱም እንደ መጀመሪያዋ ጠያቂያችን በክለርኳ በር ብቻ ይግባ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውም በዚሁ እድሜ ስለሚመጣ ኤም ቪ ኤ ስትወስጂው አብረሽው ቁሚ።