ጅቡቲ መስመር 12 ተሳቢ አለን፣ ሴንሰርና ኤአይ ያዋጣናል ወይ ላልከው ወንድም

ወንድሜ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ በዚህ ነገር ሰው በድያለው። ጋላፊ (የጅቡቲ ድንበር) መስመር ላይ ስምሪት ክፍል ሆኜ ብዙ አመት ሰርቻለው፣ ስለዚ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

ያልከው ባጭሩ አባትህ ያቆዩት 12 ተሳቢ አለ፣ አንድ ሻጭ መጥቶ የናፍጣ፣ የጎማ፣ የኮንቴይነር በር ሴንሰር እንግጠምላችሁ፣ ኤአዩ ሌባውንም ብልሽቱንም ቀድሞ ይነግራችኋል አለህ። ያዋጣል። ግን እሱ በነገረህ ምክንያት አይመስለኝም።

ከናፍጣው ልጀምር፣ ሁላችንንም ሚያንገበግበን እሱ ስለሆነ። እኛ ጋ የተገጠመው የመኪናው ናፍጣ ታንከር ውስጥ ሚገባ ዘንግ ነው። ዘንጉ ሚያውቀው ናፍጣው እስከምን እንደደረሰ ብቻ ነው፣ ሊትር አያውቅም። ከፍታውን ወደ ሊትር ሚቀይረው ሠንጠረዥ አለ፣ ታንከሩ ባዶ ይደረግና 20 ሊትር ጨምረህ ትመዘግባለህ፣ ሌላ 20 ትጨምራለህ፣ እንደዛ እያልክ እስኪሞላ፣ ለእያንዳንዱ መኪና ለየብቻው። አንዱ ተገጭቶ ጎድጉዷል፣ አንዱ ታንከሩ ተቀይሯል፣ በምንም አይመሳሰሉም። የገጠሙልን ልጆች ግን ቸኩለው ነው መሰለኝ የአንዱን መኪና ሠንጠረዥ ለሁሉም ገልብጠው ሄዱ፣ እኛም አላወቅን።

አንድ ቀን ሌሊት ሚሌ ያደረ መኪና ስክሪኑ ላይ ቀይ በራ፣ 38 ሊትር ተሰርቋል ይላል። ሹፌሩ ከሁላችንም በፊት እዛ ቤት የገባ ትልቅ ሰው ነው። ሳይነጋ ደወልኩለት፣ ናፍጣውን የት አደረሱት አልኩት እንደዛ ደፍሬ። "አንተ ልጅ፣ መኪናው ካቆምኩበት አልተነቃነቀም፣ እኔም ከስሩ ነው የተኛሁት" አለኝ። እኔ ማሽን አምኜ ሪፖርት ጻፍኩ፣ እሱ ታገደ። ከሶስት ቀን በኋላ ግራፉን ቁጭ ብዬ ሳየው ጠዋት መኪናው ተነስቶ ሜዳ ላይ ሲወጣ ናፍጣው ራሱ ተመልሶ መጥቷል፣ ከጥቂት ሊትር በስተቀር። ለካ ያደረው ተዳፋት ላይ ነበር፣ ናፍጣው ወዳንድ ጎን ሲተኛ ዘንጉ ጫፉ ብቻ ነክቶ ቀረ፣ ሠንጠረዡም የሱ መኪና ስላልሆነ ስህተቱን አበዛው።

የቀረችዋ ጥቂት ሊትርስ? እሷን የሙቀቱ መውረድ ነው የበላት። ናፍጣ ሲሞቅ ያብጣል ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ 300 ሊትር በ25 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ወደ 6 ሊትር ይቀንስብሃል፣ ማንም ሳይነካው። አፋር በረሃ ሙሉ ቀን የተነዳ መኪና ደሞ ከውጪው ሙቀት ሌላ ከሞተር የሚመለሰው ናፍጣም ታንከሩን ያፈላዋል፣ ሌሊት ሲበርድ ይወርዳል። ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቄ አስመለስኩት ግን እስከዛሬ ሰላም ሲለኝ አይኔን አያየኝም።

ኤአይ ሚባለው ነገር ጥቅሙ የገባኝ ከዛ በኋላ ነው። ሞተር ጠፍቶ ወርዶ ራሱ ሚመለሰውን፣ ቀስ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሚወርደውን፣ በአስር ደቂቃ ውስጥ ጥርግ ብሎ በዛው ሚቀረውን ይለይልሃል፣ ሶስተኛው ላይ ብቻ ነው መደወል ያለብህ። ብልጥ ሹፌር ግን ቆሞ አይቀዳም፣ ሞተር እየሰራ በትንሽ በትንሹ የተረፈው ናፍጣ ከሞተር ወደ ታንከሩ ከሚመለስበት ቱቦ ነው ሚጠልፈው፣ እሱ ደሞ ፍጆታ ይመስላል። ይሄን ለመያዝ ሲስተሙ መንገዱን ማወቅ አለበት። ሞጆ ከባህር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ነው፣ ጅቡቲ ወደብ ደሞ ባህሩ ዳር። ስለዚ ስትሄድ ባዶ ወይ ቀለል ብለህ ወደታች፣ ስትመለስ ጭነህ ወደላይ ነው። ሜዳ አገር ተሰርቶ የመጣ ሲስተም አማካይ ፍጆታ ይይዝና ከጅቡቲ ጭኖ ሚመጣውን ሁሉ ሌባ ያደርግልሃል። አይቼዋለው።

እና አሁን ሻጩ ሚነግርህን "ይማራል" ሚለውን ነገር፣ ከምን ነው ሚማረው በለው። 12 መኪና በወር ስንት ምልልስ አላት? ከሷ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሌሎች ደንበኞቹ በዚሁ መስመር የሄዱትን ጨምሮ ካልሆነ ብዙ ነገር አትጠብቅ።

ለእኛ ብሩ የተገኘው እንዲያውም ናፍጣው ላይ አይደለም፣ ቆሞ መዋል ላይ ነው። ተራ ጂፒኤስ ላይ ሞጆ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ወደቡንና ማራገፊያውን ካርታ ላይ ከበብናቸውና መኪና ሲገባና ሲወጣ ሰአቱ ኤክሴል ላይ እንዲወርድ አደረግን። ሁላችንም ኬላ ላይ ነው ሚፈጀው እንል ነበር። ለካስ ብዙው የባከነው አዲስ አበባ መጋዘን በር ላይ ነው፣ ወይ ጫኝና አውራጅ አልተጠራም፣ ወይ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ወረቀት አልጨረሰም፣ ወይ ባለንብረቱ ነገ ይመጣል ብሎ ተኝቷል። ከዛ በኋላ መኪና አዋሽን ሲያልፍ ለባለንብረቱ መደወል ጀመርን፣ አለቀ፣ ይሄን ለማወቅ ኤአይ አላስፈለገንም። ባዶ ኮንቴይነር በጊዜ ስትመልስ ደሞ ዲመሬጁ (ኮንቴይነር ሲዘገይ ሚከፈለው) ራሱ ይቀልልሃል። ኤአዩ እዚህ ሚጨምርልህ የመድረሻውን ሰአት መገመት ነው፣ እሱም ጥሩ ነው ግን ሁለተኛ ደረጃ።

የጎማው ሴንሰር ግዛው፣ አታስብ። ብቻ ሹፌሮቹን ንገራቸው፣ በረሃ ላይ የጎማ አየር በሙቀት ከፍ ይላል፣ ስክሪኑ ጮኸ ብለው እንዳያስተነፍሱት፣ ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ይሆንና ያኔ ነው ጉዱ። የበሩን ሴንሰር ሚያስፈልግህ ምትጭነው እቃ ሚሰረቅ ከሆነ ነው፣ ማዳበሪያና ሲሚንቶ ከሆነ ተወው።

ሳትፈርም ሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ኔትዎርክ ሲጠፋ ዳታውን ይዞ ቆይቶ ከነሰአቱ ይልካል ወይ፣ አፋር ውስጥ ይቆራረጣል፣ አንዳንዱ ሲስተም ኔትዎርክ የለም እና መኪናው ቆሟል ሚለውን አይለይም። ጋላፊን ሲሻገር መሳሪያው ውስጥ ያለው ሲም ካርድ ጅቡቲ ላይ ይሰራል ወይ፣ ወጪውስ የማነው። ውል ብታቋርጥ ዳታው የማን ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ሹፌሮቹን ሰብስበህ ምን እንደሚገጠም ንገራቸው፣ ሲገጠም አጠገቡ ይቁሙ፣ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ እነሱ ይቁጠሩ። እኛ ተደብቀን ገጠምን፣ በወሩ ሁለት ገመድ ተቆርጦ ተገኘ። በኋላ አስቆጥረናቸው ስንገጥም አንዱ ሹፌር ራሱ ደውሎ ዘንጉ ትክክል አያነብም ና እየው አለኝ።

ሻጩ ሲመጣ ለየመኪናው ሠንጠረዥ እንዴት ነው ምትሰራው በለው። ግማሽ ቀን በመኪና ይፈጅብኛል ካለህ ስራውን ያውቃል ማለት ነው፣ ቁጭ ብላችሁ ዋጋ ተነጋገሩ።