ሰፈራችን «ቅይጥ» ሆነ ተባለ፤ ሱቄስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባና፣ ጋቢና ብርድ ልብስ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ኪራይ ናት፤ 7 ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ሰፈሩ በከተማው ፕላን ከመኖሪያነት ወጥቶ ቅይጥ አገልግሎት ሆነ ተባለና አከራዬ ኪራዩን እጥፍ አድርገው ጠሩብኝ። «ፕላኑ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» ይላሉ። የኪራይ አዋጅ ወጥቶ የለም እንዴ?
ባለ ባናዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ኪራይ የሚጨምረው አከራይ ነው እንጂ ፕላን አይደለም። ቅይጥ ማለት እዚያው ቦታ ላይ መኖርም መነገድም ይፈቀዳል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። እርግጥ ትናንት መኖሪያ ብቻ ይሠራበት የነበረ ቦታ ዛሬ ሱቅና ፎቅ ከቻለ ተፈላጊ ይሆናል፣ ጥቅሙም የሚገባው ባለ ካርታው ኪስ ነው። ሰፈሩን 7 ዓመት ያሞቅሽው አንቺ ብትሆኚም።

አዋጁ አለ፣ ቁጥር 1320/2016። ግን ስሙን እዪው፦ «የመኖሪያ ቤት ኪራይ» ነው የሚለው። ሱቅ አይገባበትም። ላንቺ ያለሽ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና ውልሽ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ጊዜው ካላለቀ፣ ተከራይተሽ የገባሽበትን ዋጋ እሳቸው ብቻቸውን ሊለውጡት አይችሉም። በቃል ከሆነ ወይም ጊዜው ካልተወሰነ ግን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ሊያቋርጡት ስለሚችሉ፣ ቁጭ ብላችሁ ተደራደሩ።

ስትደራደሪ ታዲያ በዋጋው ብቻ አትጠመጂ። ኪራዩማ ዕዳው ገብስ ነው። ዋናው ስጋት አከራይሽ አንድ ቀን «አፍርሼ ጂ+3 ልሠራ ነው፣ ውጪልኝ» ማለታቸው ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ስንት ዓመት እንደምትቆዪ፣ በየዓመቱ ስንት እንደሚጨመር፣ ሊያፈርሱ ከፈለጉ ከስንት ወር በፊት እንደሚነግሩሽ ይጻፍ። ይቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። እኔም ረስቼ ኪራይ ቤት ላይ ሴራሚክ አንጥፌ፣ በዓመቱ ለባለቤቱ ጥዬለት ወጥቻለሁ። ውል ሳትይዢ መደርደሪያ እንኳን እንዳታሠሪ!

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና አስፋልቱ ዳር ከአባቴ የወረስኩት ቤት አለኝ። ነባር ይዞታ ነው (ከሊዝ በፊት የተያዘ)፣ ካርታው መኖሪያ ይላል። ከፊት ለፊቱ ለመንገደኛ ቆሎና ሻይ እንሸጣለን። አሁን በአዲሱ ፕላን መስመሩ ንግድ ሆኗል፣ ፎቅም ይፈቀዳል እየተባለ ነው። ደላላው «ዋጋው ጣራ ነክቷል፣ ሽጥ» ይለኛል። ልጆቼ እንሥራ ይላሉ። ምን ይሻላል?
ባለ ቆሎ ቤቱ

መልስ፦ ጋሼ፣ ከሁለቱም በፊት ካርታዎን ይዘው ማዘጋጃ ቤት ይሂዱ። ለቦታዎ የተፈቀደው አገልግሎት ምንድን ነው? ስንት ፎቅ? ከመንገዱ ስንት ሜትር ይለቀቃል? መልሱን በጽሑፍ ይስጡዎት። ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው በሦስተኛው ነው። ቦታው 15 ሜትር ጥልቀት ኖሮት 6ቱ ለመንገድ ከተያዘ፣ የቀረው ላይ የሚቆመው ፎቅ ደላላው የነገረዎት ፎቅ አይደለም።

ፕላኑ ላይ አገልግሎቱን የሚያሳየው ቀለም ስለተቀየረ ካርታዎ አልተቀየረም። የአገልግሎት ለውጥ ጠይቀው እስኪፈቀድልዎ ድረስ ካርታው መኖሪያ ነው፣ የግንባታ ፈቃዱም በዚያው ይታያል። «ሳይደርሱብኝ ቶሎ ልጀምር» የሚባለው ነገር ደግሞ አያዋጣም። ቦታው ለልማት ቢፈለግ ካሳ የሚታሰበው ላዩ ላይ ላለው ሕጋዊ ንብረት ነው፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለእሱ ዋጋ አይከፈልም። ያለ ፈቃድ የገነቡትን ይካሱኛል ብለው አይቁጠሩ።

ሽያጩ ላይ ደላላው ያልነገረዎት ነገር ያለ ይመስለኛል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ሲሸጥ ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል፤ ማለትም መሬቱን ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ ይይዛል። ለልጆችዎ በውርስ ቢያልፍ ግን ይህ አይመጣም። የሊዝ ዘመኑ ለመኖሪያ 99 ዓመት ሲሆን ለንግድ ያንሳል። ብልጥ ገዢ ይህን ሁሉ አስልቶ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል፣ «ጣራ ነክቷል» የተባለውም ዋጋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ወረድ ይላል።

ደግሞስ ምን ያጣድፍዎታል? መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው ቦታ ለምን ለምን እንደሚውል የሚወስነው ፕላን፣ የ10 ዓመት ነው፤ ቆሎው እየተሸጠ ሊያስቡበት ይችላሉ። ደላላው ቀብድ ይዞ ቢመጣ ከማዘጋጃ ቤት ያገኙትን ወረቀት ያሳዩትና ዋጋውን እንደገና ይጥራ።