ቤጂንግ ላይ አንድ ቀን ብቻ ካለሽ ጂንሻንሊንግ ሂጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ቤጂንግ አንድ ትርፍ ቀን አለኝ፣ ታላቁን ግንብ የቱ ጋ ሄጄ ልየው፣ ደግሞስ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቆመ ነው ያልሽው። እኔ እዚያ ሲቪል ምህንድስና ስማር አራት ጊዜ ወጥቼበታለሁ። ጂንሻንሊንግ ሂጂ።

ብዙ ሰው ባዳሊንግ ይልሻል። ለከተማው ቅርብ ነው፣ በደንብ ታድሷል። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት እዚያ ነው፤ ያውም በኦክቶበር የመጀመሪያ ሳምንት፣ ቻይና በሙሉ ለብሔራዊ በዓል እረፍት በሚወጣበት ሰሞን። ግፊያው ቆም ብሎ ለማየት እንኳ ፋታ አይሰጥም። ሙትያንዩ ይሻላል፣ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ኬብል ካርም አለው። ልጅ ወይም ጉልበቱ የደከመ ሰው ይዘሽ ከሆነ እሱን ምረጪ።

ጂንሻንሊንግ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ግን ግንቡ እንዴት እንደተሠራ በዓይንሽ የምታዪው እዚያ ነው። ከታደሰው ክፍል አልፈሽ ወደ ምሥራቅ ስትሄጂ ጡቡ የተላጠበት ቦታ ታገኛለሽ። ከታች ጥርብ ድንጋይ፣ ከላይ ጡብ፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ የተጠቀጠቀ አፈርና ኮረት። አንዳንዱ ጡብ ላይ ማኅተም አለ፦ የተሠራበት ዓመትና የሠራው የጦር ክፍል። አንዱን በጣቴ ስከተል አብሮኝ የነበረ ቻይናዊ ጓደኛዬ አነበበልኝ፤ በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን በአውሮፓውያን 1578 ማለት ነው። ጡቡ ቢበላሽ ማን እንደሠራው ይታወቃል ማለት ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቁጥጥር መኖሩ እስካሁን ይገርመኛል።

እንዴት ቆመ ላልሽው ትልቁ ምስጢር ማጣበቂያው ነው። እኔ ያደግኩት ጎንደር ነው፣ የፋሲል ግንብ በኖራ እንደተገነባ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። እዚህም ኖራ ነው፤ ግን ሩዝ ጨምረውበታል! የሚያጣብቀውን የሩዝ ዓይነት እስኪሟሟ ቀቅለው፣ ወፍራሙን ሾርባ ውሃ ከጠጣ ኖራ ጋር ያዋህዱታል። ኖራው እየደረቀ ሲጠነክር የሩዙ ስታርች ቅንጣቶቹ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያሉ እንዲሆኑ ያደርጋል፣ ስለዚህ ውሃ በቀላሉ አይሰርገውም። በጡቦቹ መሃል ያለውን ነጭ መስመር በጥፍርሽ ጫር አድርጊው ብዬ አልመክርሽም፣ ቅርስ ነው፤ ቀረብ ብለሽ ብቻ እዪው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። በፎቶ የምናየው ግንብ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ሥራ ነው (ከ1368 እስከ 1644)። የመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ ከ2,200 ዓመት በፊት ያሠራው በአብዛኛው የተጠቀጠቀ አፈር ነበር፤ ከእሱ በኋላ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ደግሞ በምዕራብ፣ ጋንሱ በረሃ ውስጥ፣ አፈርና ሸምበቆ እየተደራረበ የተሠራም አለ። ባገኙት ነገር ነው የገነቡት። የጂንሻንሊንግን ማማዎች ያስገነባው ቺ ጂጓንግ የሚባል የጦር አዛዥ ነው፤ ወታደር ዝናብና ብርድ ላይ ቆሞ እንዳይጠብቅ ማደሪያም፣ የመሣሪያ መጋዘንም የሚሆን ማማ አሠራ።

ወደ ማማዎቹ የሚያወጡት ደረጃዎች ላይ መንገዱን ገሚስ የሚዘጉ አጫጭር ግድግዳዎች አሉ፣ ቀዳዳ ያላቸው። ብዙ ጎብኚ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ጠላት ግንቡ ላይ ቢወጣ እንኳ ወታደሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እያፈገፈገ በቀዳዳው እንዲተኩስ ነው የተሠሩት።

እይታው... እኔ ብዙ ተራራ አይቻለሁ፣ የሰሜን ተራሮችን ጨምሮ። ግን የሰው እጅ ሥራ ሸንተረሩን አንድም ቦታ ሳይለቅ፣ ሲወጣ ወጥቶ ሲወርድ ወርዶ፣ ማማ ከማማ እየተያየ ጭጋግ ውስጥ እስኪጠፋ ሲሄድ ሳይ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። በኦክቶበር መጨረሻ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ይሆናል። ክረምታቸው ንፋሱ ያንገበግባል።

ደረጃው ወጥ አይደለም፣ አንዱ ቁርጭምጭሚት፣ ሌላው ጉልበት ይደርሳል፤ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ አድርጊ። ውሃ ከታች ያዢ። ፓስፖርትሽንም አትርሺ፣ ቲኬት ስትቆርጪ ይጠይቁሻል።