ከሴሊያክ ሕመም ጋር ስለሚያያዙ የቆዳ ችግሮች፦ ጥያቄና መልስ

ሴሊያክ በስንዴና በመሰል እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲበላ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት ሕመም ነው። ሕመሙን ተሸክሜ ለብዙ ዓመታት የኖርኩና ስለ እርሱ ሳነብ የቆየሁ ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምመልሰውም ሐኪምዎን ምን ብለው መጠየቅ እንዳለብዎት ለመጠቆም ነው።

ጥያቄ፦ ክርኔና ጉልበቴ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እየወጣ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሁለት ጊዜ የእከክ መድኃኒት ተሰጥቶኝ አልተሻለኝም። ከሴሊያክ ጋር ይገናኝ ይሆን?

መልስ፦ ሊገናኝ ስለሚችል ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ዋናው የሴሊያክ የቆዳ ገጽታ ደርማታይቲስ ኸርፐቲፎርሚስ ይባላል፤ ስሙን የሰጠው ሉዊስ ዱሪንግ የተባለ የፊላዴልፊያ ሐኪም ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1884 ነበር። ስሙ ኸርፐስን ቢያስታውስም ከቫይረሱ ጋር ዝምድና የለውም፤ እንዲያ የተባለው ሽፍታው ተሰብስቦ ስለሚወጣ ነው፣ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ብዙውን ጊዜ በግራና በቀኝ ተመሳስሎ በክርን፣ በጉልበት፣ በመቀመጫ፣ በጀርባና በራስ ቆዳ ላይ ይታያል። ችግሩ ማሳከኩ ብርቱ ከመሆኑ የተነሳ በሽተኛው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ውሃ የቋጠረውን አፈንድቶት ስለሚቀርብ፣ ሐኪሙ የሚያየው ቅርፊትና የተቧጨረ ቆዳ ብቻ መሆኑ ነው። እኔንም እከክ ነው፣ ቆይቶም ኤግዚማ ነው እየተባልኩ ለረጅም ጊዜ የማይመለከተኝን ቅባት ስቀባ ኖሬያለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ሆዴን አሞኝ አያውቅም። ታዲያ እንዴት የአንጀት በሽታ ይሆናል?

መልስ፦ ይህ ሽፍታ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ስለ ሆዳቸው አያማርሩም፤ ሆኖም ከትንሹ አንጀታቸው ናሙና ሲወሰድ በብዙዎቹ ላይ ጉዳት ይገኛል። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የሰውነትን መከላከያ ሥርዓት አንጀት ላይ ሲቀሰቅሰው፣ ሥርዓቱ ትራንስግሉታሚኔዝ የተባለውን የራሱን ኢንዛይም የሚያጠቃ አይጂኤ የተሰኘ አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን) ያመርታል። የዚህ ኢንዛይም ዘመድ ቆዳም ውስጥ ስላለ አንቲቦዲው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር ይከማቻል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደዚያ ይጎርፋሉ፣ ሽፍታውም ይወጣል። ስለዚህ ቆዳው የሚናገረው ስለ አንጀቱ ነው።

ጥያቄ፦ ከቆዳዬ ናሙና ተወስዶ ምንም አልተገኘም ተባልኩ። ጉዳዩ አበቃ ማለት ነው?

መልስ፦ ናሙናው ከየት እንደተወሰደና በምን ዘዴ እንደታየ ሳይጠይቁ አበቃ አይበሉ። አይጂኤን የሚያሳየው ምርመራ ኢሚዩኖፍሎረሰንስ ይባላል፤ ናሙናውም መወሰድ ያለበት ከሽፍታው ጎን ካለው ጤነኛ ከሚመስል ቆዳ ነው። ከቁስሉ መካከል ከተወሰደ ግን እብጠቱ ክምችቱን ሊያጠፋውና ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ከዚህ ጎን ለጎን የትራንስግሉታሚኔዝ አንቲቦዲ የደም ምርመራ ይደረጋል። አጥብቄ የምለምንዎት አንድ ነገር አለ፦ ምርመራው ሳይጠናቀቅ ግሉተንን አያቁሙ። ካቆሙ አንቲቦዲው ከደም እየጠፋ፣ አንጀቱም እያገገመ ስለሚሄድ ሕመሙን ማረጋገጥ እጅግ ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ዳፕሶን ታዞልኝ በሦስት ቀን ማሳከኩ ቆመ። ከተሻለኝ ግሉተን ያለበትን ምግብ ለምን እተዋለሁ?

መልስ፦ እፎይታው እውነተኛ ነው፤ ስንት ሌሊት ሳይተኙ እንዳደሩ ስለምገምት ደስ ይለኛል። ነገር ግን ለሥጋ ደዌም የሚሰጠው ይህ መድኃኒት የሚያረጋጋው ቆዳውን ብቻ ነው፣ አንጀቱን አይፈውስም። ቀይ የደም ሕዋሳትንም ሊሰባብር ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም እጥረት አለመኖሩ ይረጋገጣል፣ በኋላም ደም በየጊዜው ይመረመራል። ከግሉተን የጸዳው ምግብ ግን በቆዳ ላይ ውጤቱን ለማሳየት ወራትን፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የሚተዉት በዚህ መካከል ነው። ዳፕሶን ይህን ጊዜ የሚያሻግር ድልድይ ሲሆን፣ ምግቡ ሥራውን ሲጀምር ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ብዙ አዮዲን ሽፍታውን ስለሚያባብስ ይህንንም ለሐኪምዎ ያንሱ።

ጥያቄ፦ ግሉተን ያለበት ሻምፑና ቅባትስ?

መልስ፦ ግሉተን ጤነኛ ቆዳን አልፎ አይገባም፤ ጉዳት የሚያደርሰው ሲዋጥ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ለከንፈር ቅባትና ወደ አፍ ሊገባ ለሚችል ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሴሊያክ ያለባት ልጄ አፏ ይቆስላል፣ ፀጉሯም በክብ በክብ ይረግፋል። ሁሉም ከዚሁ ነው?

መልስ፦ ሁሉንም በአንድ ገመድ ማሰር አይገባም። ተመላልሶ የሚመጣ የአፍ ቁስል ከሴሊያክ ጋር በግልጽ ይያያዛል፣ ግሉተን ሲቆምም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በክብ የሚረግፍ ፀጉርና ለምጽ ግን ራሳቸውን የቻሉ የመከላከያ ሥርዓት ሕመሞች ናቸው፤ ሴሊያክ ባለበት ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ቢችሉም ምግቡ ያድናቸዋል ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም። ሶሪያሲስ የተባለው ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ ሕመምም እንዲሁ ነው። በሌላ በኩል የተጎዳ አንጀት ምግብ በደንብ ስለማይመጥ፣ የብረት እጥረት የከንፈር ጥግ መሰንጠቅን፣ የቫይታሚን ኬ እጥረት ደግሞ በቀላሉ መበለዝን ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የልጅዎ ደም ለእነዚህ እጥረቶች እንዲታይ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ምንም ምልክት የለውም። ይመርመር?

መልስ፦ አዎን፣ ይመርመር። ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ሴሊያክ ካለበት፣ ሌላው የቤተሰብ አባል በሽታው የመኖሩ ዕድል ከአሥር አንድ ገደማ ይደርሳል፤ ምልክት አለመኖሩም ነፃ መሆኑን አያሳይም። እርሱም ቢሆን የሚመረመረው ግሉተን መብላቱን ሳያቋርጥ ነው።