መልስ፦ በሌዘር የሚደረግ የጥርስ ሥር ማጽዳት ያሰጋል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። ከድሬዳዋ ሳቢያን ሆነው፣ ሐኪምዎ ሩት ካናሉን (በጥርሱ ሥር ውስጥ ያለውን ቀጭን ቦይ) «በሌዘር እናጸዳዋለን» ማለታቸው ያሰጋ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሌዘሩ በሠለጠነ እጅ ሲያዝ ዋናው ሥጋት ሙቀት ነው፤ የሥሩ ውጫዊ ገጽ ከሰውነት ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ከበለጠ በዙሪያው ያለው አጥንት ሊጎዳ ስለሚችል፣ ጨረሩ በአጭር በአጭሩ እየተቋረጠ ይሰጣል፤ እርስዎም ሐኪሙም መከላከያ መነጽር ማድረግ ግድ ይላችኋል።

ሆኖም ሌዘሩ ቦዩ የሚታጠብበትን ፈሳሽ ያግዛል እንጂ አይተካውም። ፈሳሹ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም የቤታችን በረኪና የሚሠራበት ውሁድ ነው፤ በእኔ ግምት ይበልጥ ሊያሳስብዎ የሚገባው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ከሥሩ ጫፍ አልፎ ከወጣ ድንገተኛ ብርቱ ሕመም፣ እብጠትና የፊት መበለዝ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ፈሳሹ የሚገባበት መርፌ ጫፉ ሳይሆን ጎኑ የተበሳ መሆኑን፣ ጥርሱም በላስቲክ መጋረጃ መከለሉን ይጠይቁ። በነገራችን ላይ ይህ ፈሳሽ በሙቀትና በብርሃን ኃይሉን ያጣል፤ በድሬ ፀሐይ መስኮት ዳር የተቀመጠ ጠርሙስ ካዩ መጠየቅ ነውር የለውም። ኦዞን (ጀርም ለመግደል የሚውል ጋዝ) ከቀረበልዎ ደግሞ፣ ጋዙ ሲተነፍሱት ሳንባን ስለሚያስቆጣ፣ መምጠጫ መሣሪያ ሳይኖር አይስማሙ።